አኩፓንክቸር ለአልማዝ ባለጭራ ህመም፦ ኪኒኑን አቁመን እንሂድ ወይ?

ጥያቄው፦ «እናቴ 68 አመቷ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ከ4 ወር በፊት በግራ ጎኗ ከጀርባዋ ጀምሮ እስከ ጡቷ ስር አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። ቁስሉ ደርቆ ጠፍቷል ህመሙ ግን አልለቃት አለ፣ ያቃጥላታል፣ ድንገት ይወጋታል፣ ልብስ ሲነካት እንኳን አትችልም። ዳይክሎፌናክ (ማስታገሻ) በየቀኑ ትወስዳለች ለውጥ የለም። ሀኪም ጋባፔንቲን (የነርቭ ህመም መድሃኒት) 300 ሚሊግራም አዞላት አንድ ሳምንት ማታ ማታ ወሰደችና አዞረኝ ደሞም ምንም አልሰራልኝም ብላ ተወችው። አሁን አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ የሚሰካበት ህክምና) የሚሰራ ሰው መርፌው ቫይረሱን ከነርቩ ያወጣዋል፣ ግን ኪኒን የሚባል ነገር በሙሉ መቆም አለበት አለን። የአለም ጤና ድርጅት ያፀደቀው ነውም ብሎናል። ኪኒኑን አቁመን እንሂድ? ስንት ጊዜስ ያስፈልጋታል?»

አታቁሙ። እንደውም በፃፍሽው መሰረት እናትሽ ጋባፔንቲንን ሞክረውት አልሰራም ለማለት ገና ነው፣ መቆም ያለበት መድሃኒት ካለ ዳይክሎፌናኩ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት የ68 አመት ሰው ለወራት በየቀኑ ዳይክሎፌናክ ሲወስድ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ጨጓራው ሊደማ ይችላል፣ ለልብም አደጋ አለው፣ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ደሞ ለነርቭ ህመም እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። መርፌ ይሁን አይሁን የሚለውን ከማንሳታችሁ በፊት የኩላሊት ምርመራ (ክሬቲኒን) አሰሩላቸው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

«ቫይረሱን ያወጣዋል» ወደሚለው እንምጣ። ቫይረሱ ቫሪሴላ ዞስተር ይባላል፣ ልጆች ላይ ጉድፍ የሚያወጣው ራሱ ነው። ጉድፉ ይድናል፣ ቫይረሱ ግን ከሰውነት አይወጣም፣ ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ባሉት የስሜት ነርቭ ስሮች ውስጥ ተኝቶ ይቀመጣል፣ 40 እና 50 አመትም ሊቀመጥ ይችላል። እድሜ ሲገፋ ወይም ኤችአይቪ፣ የካንሰር ህክምና፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ የሰውነትን የመከላከል አቅም ሲያደክሙት ከአንዱ ነርቭ ስር ይነሳና ያንን ነርቭ ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ በመስመር የሚሄደው ለዚህ ነው። እዛ የተኛውን ጎትቶ የሚያወጣ መርፌ የለም፣ ኪኒንም የለም። የቫይረሱ መድሃኒት አሲክሎቪር ራሱ መባዛቱን ነው የሚያቆመው፣ አያወጣውም። ስለዚህ ይሄን ቃል የገባላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው የሚያወራው፣ ሁለቱም ለእናትሽ ጥሩ አይደሉም።

ሌላው ደሞ፣ አሁን እናትሽን የሚያማቸው ቫይረሱ አይደለም። ቫይረሱ ሲነሳ ነርቩን አቁስሎት ነው ተመልሶ የተኛው፣ የቆሰለው ነርቭ ምንም ሳይነካው በራሱ መልእክት ይልካል፣ ህብለ ሰረሰርና አንጎልም ያንን መልእክት ከልክ በላይ አጉልተው መስማት ይለምዳሉ፣ ሌባው ከሄደ በኋላ እስኪነጋ እንደሚጮህ ውሻ በሉት። ልብስ ሲነካቸው የሚያማቸው ቆዳው ቁስል ስላለው ሳይሆን የንክኪ መልእክት እንደ ህመም እየተተረጎመ ስለሆነ ነው። ሽፍታው ከወጣ 90 ቀን ካለፈ በኋላ የሚቀረው ህመም ፖስት ኸርፔቲክ ኒውራልጂያ ይባላል፣ አልማዝ ባለጭራ ከያዛቸው ሰዎች ከመቶ ከ10 እስከ 18 የሚሆኑት ላይ ይቀራል፣ እድሜ ሲጨምር ደሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። እናትሽ 4 ወር ስላለፋቸው እዚህ ውስጥ ናቸው።

ይሄንን መለየት የሚያስፈልገው ሰው ሁለቱን ደረጃዎች እየቀላቀለ ስለሚጠይቅ ነው። ሽፍታው ገና ሲወጣ ስራው ቫይረሱን መግታት ነው፣ እዛ ላይ ሰአት ይቆጠራል፣ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰአት ውስጥ አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ወይም ቫላሲክሎቪር 1000 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን ይጀመራል (ኩላሊት ላይ ችግር ካለ መጠኑ ይቀነሳል)። በነዚህ ቀናት መድሃኒቱን ትቶ ወደ መርፌ መሄድ ትልቁ ስህተት ነው፣ ያ ጊዜ ካለፈ አይመለስም። 72 ሰአት ቢያልፍም አዲስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ከሆነ ሀኪም ሊጀምረው ይችላል። ከ4 ወር በኋላ ግን አሲክሎቪር ዋጡ የሚላችሁ ካለ እሱንም አትስሙት፣ ለዚህ ህመም አይሰራም።

አሁን የአለም ጤና ድርጅት ነገር። ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ድርጅቱ የዛሬ 20 ምናምን አመት ያወጣው አኩፓንክቸር የተሞከረባቸው በሽታዎች ዝርዝር አለ፣ ዝርዝሩም በደረጃ የተከፈለ ነው። አልማዝ ባለጭራም ከሱ በኋላ የሚቀረው ህመምም ያሉት በሁለተኛው ደረጃ ነው፣ ማለትም ውጤት ታይቷል ግን ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል የተባለበት። ማፅደቅ እና ይሄ በጣም ይለያያሉ፣ ግን ማስታወቂያ ላይ ሲፃፍ «ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል» የምትለዋ ሁሌም ትጠፋለች።

ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ምን ተገኘ ካልሽኝ፣ 1983 ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ ይሄንኑ የእናትሽን አይነት ህመም ያላቸውን 62 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ጆሮና ሰውነት ላይ መርፌ አደረገላቸው፣ ግማሹን ደሞ ኤሌክትሪክ የሚልክ የሚመስል ግን ምንም የማይልክ ማሽን አሰረላቸው። በሁለቱም ወገን በደንብ የተሻላቸው 7 7 ሰው ነበሩ። እኩል። 2011 ላይ ደሞ ጣሊያን ውስጥ ገና ትኩስ ህመም ላይ ያሉ 102 ሰዎች ለ4 ሳምንት ግማሾቹ መርፌ ግማሾቹ መድሃኒት ተደርጎላቸው ሁለቱም ጋ ህመሙ ቀነሰ፣ ልዩነት አልታየም፣ ይሄንን የመርፌ ሰዎች በደስታ ይጠቅሱታል ግን እዛ ላይ የውሸት መርፌ የተደረገለት ማነፃፀሪያ ቡድን አልነበረም፣ ትኩስ ህመም ደሞ በ4 ሳምንት ውስጥ በራሱም በብዛት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ምን ያህሉ የመርፌው ምን ያህሉ የጊዜው እንደሆነ መለየት አይቻልም። 2017 ላይ ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚመዝነው ድርጅት በአጠቃላይ የነርቭ ህመም ላይ የተሰሩትን ሰብስቦ ሲያይ ያገኘው 6 ጥናት 462 ሰው ነበር፣ መደምደሚያውም ይሰራልም አይሰራምም ለማለት ማስረጃው አይበቃም የሚል ነው። ጥሩ ውጤት አሳየን የሚሉ ሌሎች ብዙ ጥናቶች አሉ፣ በተለይ ከቻይና፣ ችግሩ አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው፣ ታካሚውም ገምጋሚውም ማን ምን እንደተደረገለት ያውቃሉ።

ይሄ ማለት መርፌ ጭራሽ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፣ እንደዛ የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ እኔ ግን እስከዛ አልሄድም። መርፌ ሲገባ ሰውነት ኢንዶርፊን የሚባሉትን የራሱን ማስታገሻዎች እንደሚለቅ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፣ የጀርባና የጉልበት ህመም ላይም በመጠኑ የሚረዳቸው ሰዎች አሉ። በተጨማሪ አንድ ሰው ግማሽ ሰአት ጋደም አድርጎሽ ህመምሽን በስርአት ሲያዳምጥሽ ራሱ ህመም ይቀንሳል፣ ይሄንን እኛ ሀኪሞች በ5 ደቂቃ ቀጠሮ የምናጣው ነገር ነው። የምለው ይሄን ነው፣ ረዳት ሊሆን ይችላል፣ ዋና ህክምና ግን አይደለም፣ ዋናውን አስጥሎ የሚመጣ ከሆነ ደሞ ጉዳት ነው።

«እገሌ ግን ሄዶ ዳነ» ለሚለው፣ አዎ ሊሆን ይችላል። ይሄ ህመም በብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ እየላላ ይሄዳል፣ ሰው ደሞ ወደ መርፌ የሚሄደው ህመሙ በጣም በባሰበት ሳምንት ነው፣ ከባሰበት ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ቀን ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ምስጋናው የመጨረሻ ላይ ለተሞከረው ነገር ይሄዳል። በመርፌ ብቻ አይደለም፣ በኛም መድሃኒት ላይ እንደዛው ነው፣ ለዛ ነው ማነፃፀሪያ ቡድን የሚያስፈልገው።

ወደ ጋባፔንቲን ልመለስ፣ ምክንያቱም የእናትሽ መፍትሄ የበለጠ ያለው እዚህ ጋ ነው ብዬ አስባለሁ። ለዚህ ህመም እንደሚሰራ የታየው መጠን በቀን 1800 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ ለ3 ተከፍሎ። እሳቸው የወሰዱት 300 ነው፣ ያውም ለአንድ ሳምንት። 300 መነሻ ነው፣ በዛ መጠን አልሰራም ማለት አልተሞከረም ማለት ነው። ያዞራቸው ነገር ደሞ እውነተኛ ነው፣ በእድሜ የገፉ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፣ መፍትሄው ግን መተው ሳይሆን ቀስ ማለት ነው፣ ማታ 100 ብሎ ጀምሮ በየጥቂት ቀኑ እየጨመሩ መሄድ፣ የሚያዞርበት ጋ ሲደርስ ቆም ማለት፣ አብዛኛው ሰው ላይ ማዞሩ በ1 ወይም 2 ሳምንት ይለመዳል። ኩላሊት ይመርመር ያልኩት እዚህ ጋ ነው የሚገናኘው፣ ጋባፔንቲን የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው፣ ኩላሊቱ በስኳርና በዳይክሎፌናክ ከተዳከመ መድሃኒቱ ይጠራቀማል፣ ትንሹም መጠን ያዞራል፣ ምናልባት ያዞራቸውም ለዛ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ታውቆ ነው መጠኑ የሚወሰነው እንጂ እናንተ ቤት ውስጥ እንዳትጨምሩ። ከእንቅልፍ ኪኒን ወይም ከትራማዶል አይነት ማስታገሻ ጋር መቀላቀሉም ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል የሚወስዱትን ሁሉ ለሀኪሙ ንገሩት። አንዴ ከለመዱት በኋላ ደሞ በአንድ ቀን ድንገት አይቆምም፣ ቢያንስ በ1 ሳምንት እየተቀነሰ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ ጋባፔንቲንም ተአምር አይደለም። በጥናት ሲታይ በደንብ ከወሰዱት 10 ሰዎች 3 የሚሆኑት ናቸው ህመማቸው በግማሽና ከዛ በላይ የሚቀንስላቸው፣ ምንም የሌለው ኪኒን ከተሰጣቸው ደሞ 2 ያህሉ። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም ግን በብዙ ሰው ላይ ተረጋግጧል፣ ከመርፌው የሚለየው ይሄ ነው። እሱ ካልሆነ ፕሪጋባሊን አለ፣ አሚትሪፕቲሊን ማታ 10 ሚሊግራም ተብሎ የሚጀመር አለ፣ የኋለኛው ግን በዚህ እድሜ ልብ ላይ፣ ሽንት መሽናት ላይና አይን ላይ (ግላኮማ) ችግር ስላለው ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሳይታይ ባይጀመር እመርጣለሁ። ልብስ ሲነካ የሚያመው ሰው ላይ እኔ በጣም የምወደው ሊዶካይን 5% የሚባለው የሚለጠፍ ማደንዘዣ ነው፣ ጤነኛ ቆዳ ላይ ለ12 ሰአት ተለጥፎ 12 ሰአት ይነሳል፣ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ስለሆነ አያዞርም፣ ኩላሊትም አይነካም፣ ከሌላው መድሃኒት ጋርም ብዙም አይጣላም። ከበርበሬ የሚሰራው የካፕሳይሲን ቅባትም አለ፣ ለመጀመሪያ ቀናት ያቃጥላል፣ ብዙ ሰው ታግሶ አይቀጥለውም፣ እጅ ሳይታጠቡ አይን መንካት ደሞ አይታሰብም።

ይሄ ሁሉ እየሄደ እናትሽ መርፌውንም እፈልጋለሁ ካሉ አልከለክልም፣ ግን እንዴት እንደሚደረግ ልንገርሽ። የእሳቸው ህመም ደረት ላይ ነው፣ የጎድን አጥንቶች መሀል፣ ከስር ሳንባ አለ። የአኩፓንክቸር መርፌ ቀጭን ቢሆንም ደረትና ላይኛው ጀርባ ላይ በጥልቀት ወይም ቀጥ ብሎ ከገባ የሳንባን ሽፋን ወግቶ አየር ሊያስገባ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ አይደርስም ግን ደርሷል፣ ሰውም ሞቶበታል። ከመርፌ በኋላ ባሉት ሰአታት ወይም በማግስቱ ድንገት ሲተነፍሱ የሚወጋ ህመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ድሮም ያመኛል ብለው እንዳይቀመጡ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እኔ ብሆን የሚያመው ቆዳ ላይ ጭራሽ አላስወጋም፣ የሚነካ ልብስ ያልቻለ ሰው መርፌ አይችልም፣ እጅና እግር ላይ ያሉ ነጥቦችን መጠቀም ይቻላል፣ ጥሩ ባለሙያ ከሆነ ይሄንን አንቺ ሳትነግሪው ያውቀዋል።

መርፌው አንዴ ብቻ የሚያገለግል ከእሽጉ ፊታችሁ የሚወጣ መሆን አለበት፣ አፍልቼዋለሁ በአልኮል ጠርጌዋለሁ አይሰራም፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። ስኳር ስላለባቸው ቁስል ቶሎ አይድንም፣ እግራቸው ጫፍ ላይ ስሜት ቀንሶ ከሆነ ደሞ እዛ ባይወጉ ይሻላል። ደም የሚያቀጥን መድሃኒት ከጀመሩ ወይም ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል የሚገጠም መሳሪያ) ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ፔስሜከር ያለበት ሰው በኤሌክትሪክ የሚሰራውን አይነት አይነካም። ከመርፌው ጋር አብረው የሚቀርቡትን ደሞ፣ ቆዳን ወግቶ በዋንጫ ደም መሳብ፣ የጋለ መርፌ፣ በሚጨስ ቅጠል ማሞቅ፣ እነዚህን ለእናትሽ በጭራሽ አልመክርም፣ ስሜቱ የተበላሸ ቆዳና ስኳር ባለበት ሰው ላይ ቃጠሎና ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። ገና ቁስሉ ያልደረቀ ሰው ከሆነ ደሞ ሽፍታው መሸፈን አለበት፣ ውስጡ ያለው ውሃ ጉድፍ ያልያዘውን ሰው፣ በተለይ ነፍሰጡርን፣ ጉድፍ ሊያስይዝ ይችላል።

ስንት ጊዜ ላልሽው፣ ለዚህ ህመም የተረጋገጠ ቁጥር የለም። እኔ ለሚጠይቁኝ የምለው በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ እየሄዱ እስከ 6 ድረስ ሞክሩ ነው፣ ግን ከመጀመሩ በፊት ህመሙን ከ0 እስከ 10 በየቀኑ ጠዋትና ማታ ፃፉ፣ እንቅልፍም ስንት ሰአት እንደተኙ። ከ6 በኋላ ቁጥሩ በ2 ወይም በሲሶ ካልወረደ ይቁም፣ ከዛ በታች ያለ ለውጥ የኑሮ ለውጥ አያመጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፣ ጋባፔንቲኑና መርፌው በአንድ ሳምንት ከተጀመሩ የትኛው እንደሰራ አታውቁም። ስለዚህ መጀመሪያ መድሃኒቱ ትክክለኛው መጠን ላይ ደርሶ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆይ፣ ሊዶካይኑም አብሮ ይሁን፣ የቀረው ህመም ላይ ነው መርፌው የሚሞከረው። 20 ጊዜ በቅድሚያ ክፈሉ የሚል ካለ ተዉት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ በ3 ወር ውስጥ ካልቀለላቸው የህመም ህክምና ስፔሻሊስት ጋ ሪፈር ይፃፍላቸው፣ ነርቩ ዙሪያ የሚሰጥ ማደንዘዣ አለ፣ ከባዱን የካፕሳይሲን 8% ፓች ክሊኒክ ውስጥ መለጠፍ አለ፣ አንዳንዱን ሰው ለተወሰነ ጊዜ ያሳርፈዋል። ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባም፣ ማንም ሊገባ አይችልም፣ ግን እንቅልፍ የሚያስተኛና ልብስ የሚያስለብስ ደረጃ ላይ ማድረስ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ይሄንን የምታነቡ ሌሎቻችሁ፣ ሽፍታው ግንባር ላይ፣ አይን አካባቢ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከሆነ አይን ሊያጠፋ ስለሚችል በእለቱ የአይን ሀኪም ጋ፣ ጆሮ ውስጥ ሆኖ ፊት ከተጣመመ ወይም መስማት ከቀነሰ እንደዛው፣ እዚህ ላይ ስለ መርፌ ማውራት የለም። በወጣትነት የወጣበት ሰው ደሞ ኤችአይቪ ይመርመር። ሺንግሪክስ የሚባለው ክትባት 50 አመት ለሞላው ከ2 እስከ 6 ወር ልዩነት 2 ጊዜ ይሰጣል፣ በጥናት ከ10 ሰው ከ9 በላይ የሚሆኑትን ከአልማዝ ባለጭራ ጠብቋል፣ ያለውን ህመም አያድንም ግን አንዴ የያዘው ሰው ድጋሚ ሊይዘው ስለሚችል ለእናትሽም ከሀኪማቸው ጋር ተነጋግራችሁ ብታስከትቧቸው ጥሩ ነው።

ለመርፌው ሰውዬ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፣ «ሀኪሟ ያዘዘላትን እየወሰደች ትሰራላታለህ?» በይው። እሺ ካለ 6ቱን ሞክሩ፣ አይሆንም ካለ ሌላ ፈልጉ።